ያላደገው አንበሳና ያልዋጥሁት ኪኒን

ይህን የምጽፈው ሳላችሁን በነጠላ ጫፍ አፍናችሁ ለምትሸሽጉ እናቶች ነው። እኔም ሸሽጌው ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዛሬ ቁጭ ብዬ ልጽፍ በቅቻለሁ። ያን ጊዜ ከጎኔ ተኝተው ሲስሉ ከነበሩት ግን ሁሉም አልተነሡም። ስለዚህ የሆነውን ሳላሳምር እነግራችኋለሁ። መካከል ላይ አንድ ትንሽ የሹራብ አንበሳ እንዴት እንደሚሠራም እናገራለሁ፤ ነገሩ ያለ አንበሳው አይነገርምና ታገሡኝ።

አገሬ እስቴ ነው፤ ከመካነ ኢየሱስ በእግር የግማሽ ቀን መንገድ። ባሌ ገብስና ባቄላ የሚያርስ ገበሬ ነው። አባቴ በአምስቱ የጠላት ዘመን ዱር የከረመ አርበኛ ነበር፤ ሰላም ሲሆን ደግሞ ዳዊት ደጋሚ ሆነ። ፊደል ያስቆጠረኝ እሱ ነው። በሽታው ሲይዘኝ እሱ ዐርፎ ነበር፤ የመጀመሪያ ልጄ ትርንጎ ደግሞ ሁለት ዓመት ሞልቷት ነበር።

መነሻው ሳል ነው። የገብስ ውቂያ ላይ ነበርንና የአውድማ ብናኝ ነው አልሁ። ገብሱ ተወቃ፣ አውድማው ተጠረገ፣ ሳሉ ግን አልተጠረገም። ቀጥሎ ሌሊት ላብ ያጠምቀኝ ጀመር። ወገቤ ላይ ሁለት ጊዜ ይዞር የነበረው መቀነት አራት ጊዜ ዞረ። ያን ጊዜ ፈራሁ፤ ለማንም ግን አልተናገርሁም።

ጎረቤቶቼ ምች ነው ብለው ዳማከሴ ጨምቀው አጠጡኝ። አልተወኝም። መካነ ኢየሱስ ገበያ ላይ አንድ መርፌ ወጊ ይቀመጥ ነበር። የሳንባ ምች ነው፣ በሦስት መርፌ ይለቅሻል አለኝ። ሦስቱንም ተወጋሁ። ለአንድ ሰሞን ቀለል ሲለኝ የዳንሁ መስሎኝ ዶሮ ይዤ ሄጄ አመሰገንሁት። ዶሮዋን በልቶ ሳይጨርስ ሳሉ ተመለሰ። ከዚያ አንድ ክሊኒክ ሄጄ ጣፋጭ የሳል ሽሮፕ ሰጡኝ። ሽሮፑን ትርንጎ ወደደችው፤ እኔን ግን አልጠቀመኝም።

ሰባት ቀን ጸበል ገባሁ። ስለዚህ ነገር አንድ ቃል ልናገር። ጸበሉ አልበደለኝም፤ ልቤን ያቆመልኝ እሱ ነው። ጸበል የገባ ሰው ሐኪም ዘንድ አይሂድ ያለኝ ጸበሉ አይደለም፤ ሰው ነው።

የባሌን ታላቅ እኅት እቴቴ እላታለሁ። ባሌን እናቱ ከሞተች በኋላ ያሳደገችው እሷ ናትና በቤታችን ቃሏ ይሰማል። የማርያም ማኅበር በእኛ ቤት በወጣበት ቀን ጠላ ስቀዳ ሳል ያዘኝ። አፌን በነጠላዬ ይዤ ሳነሣው ደም ነበረበት። ሁሉም አየ።  በሚቀጥለው ወር በእቴቴ ቤት ማኅበር ሄጄ ዋንጫ ሲታደል የእኔ ዋንጫ አንገቱ ላይ ጥቁር ክር ታስሮበት አገኘሁት፤ ሌላ ሰው እንዳይጠጣበት ነው። በዚያው ሳምንት እቴቴ መጥታ ትርንጎን አዘለቻት።

"ልጅቱን አብረሽ አትውሰጃት" አለችኝ።

ክፉ ቃል ነበር። ኋላ እንደተረዳሁት ግን ልጅቱን ከሳሌ ማራቋ ትክክል ነበር፤ በሽታው የሚተላለፈው በትንፋሽ ነውና። ክፋቱ እኔን ገና ሳልሞት እንደሞትሁ መቁጠሯ ነው።

ባሌ ከሁለቱ በሬዎች አንዱን ሸጠ። በዚያ ዓመት ከጎረቤት ጋር በመቀናጆ አረሰ። እኔን በበቅሎ አስቀምጦ ሁለት ቀን ተጉዘን ደብረ ታቦር ሆስፒታል ገባን። ግቢው ውስጥ አንድ ዛፍ ሥር ሦስት ቀን ተራ ጠበቅን። ከጎናችን የተቀመጠች የማላውቃት ሴት ስስል አልሸሸችም። ከያዘችው ቆሎ ዘግና እጄ ላይ አኖረችልኝ። ስሟን አልጠየቅኋትም። እስከ ዛሬ በጸሎቴ "ያቺ ባለ ቆሎ" እላታለሁ፤ እግዚአብሔር ያውቃታል።

አክታዬን በዕቃ ተቀበሉኝ፤ ራጅ አነሡኝ። ራጅ ማለት የሰውነትን ውስጥ የሚያሳይ ፎቶግራፍ ነው። ሐኪሙ ፎቶግራፉን ወደ መስኮቱ አንሥቶ አሳየኝ፤ ሳንባዬ ብል የበላው ጋቢ ይመስላል። ሳንባ ነቀርሳ ነው አለ። ይድናል ወይ አልሁት። ይድናል፣ ግን ከዓመት በላይ መድኃኒት ትወስጃለሽ፣ አንድ ቀን አታጓድይም አለኝ። ባሌ መሬት መሬቱን አየ። አዝመራ ላይ ነበርንና ጥሎኝ ተመለሰ። በቅሎዋ ላይ የተቀመጥሁበት ኮርቻ ባዶውን ሲሄድ አየሁት።

ሴቶቹ በተኛንበት ክፍል ጎረቤቴ እማሆይ ወለተ ሥላሴ ነበሩ፤ ከስማዳ፣ ከወገዳ ማዶ የመጡ መነኵሲት። ሌሊት ፍርሃት ሲይዘኝ ሳልናገር ያውቁብኛል። "ተኚ፣ ዛሬ አንሞትም፤ ነገ ተራችን መርፌ ነው" ይሉኛል።

መርፌውን በየቀኑ ለሁለት ወር ተወጋን። መቀመጫዬ ደንድኖ በጎኔ ነበር የምተኛ፤ ጆሮዬም ይጮህ ነበር። የምታክመን ነርስ ሲስተር አበበች ትባላለች። በዕድሜ ታናሼ ብትሆንም አንቱ ነበር የምላት። ሲስተር በሽተኛ ቀኑን ሙሉ ጣሪያ ሲያይ ከዋለ መድኃኒቱ ብቻውን አያነሣውም ትል ነበር። አንድ ቀን ከተሰበሩ ጃንጥላዎች የነቀለችውን ሽቦ ጫፉን በድንጋይ አለዝባ፣ ለእያንዳንዳችን ሁለት ሁለት አደለችን። ሹራብ ልታስተምረን ነው። ለሚያዝያ ሃያ ሰባት የድል በዓል ለተማሪዎች የሚሆን፣ ደረቱ ላይ ባንዲራ ያለበት ትንሽ አንበሳ እንሠራለን አለች። የተረፈውን ለልጆቻችን እንወስዳለን።

እኔ እንዝርት እንጂ እንዲህ ያለ ነገር ይዤ አላውቅም። ግን ባንዲራና አንበሳ ሲባል አባቴ ትዝ አለኝ። ደግሞም ትርንጎን ባዶ እጄን ላገኛት አልፈለግሁም። ያዝሁት።

ለጀማሪ አይከብድም፤ እዩት። በአንዱ ሽቦ ላይ ሠላሳ ዓይን ጣሉ። ዓይን የምለው ሽቦው ላይ የሚቀመጠውን የክር ቀለበት ነው። ሁለተኛውን ሽቦ በመጀመሪያው ዓይን ውስጥ አሳልፉ፣ ክሩን ጠምጥሙበት፣ ጎትታችሁ አውጡ፣ አሮጌውን ዓይን ልቀቁት። ሠላሳውን ዓይን እንዲህ ስትጨርሱ አንድ ረድፍ ሆነ። አዙራችሁ ያንኑ መድገም ነው። ጀማሪ ክሩን አንቆ ይይዛል፤ ላላ አድርጉት። አንድ ዓይን ካመለጣችሁ ደግሞ አይታችሁ እንዳላያችሁ አትለፉ፤ ቀዳዳው እስከ ታች ይተረተራል። እስከዚያ ፈትታችሁ ተመለሱ።

መደቡ ቡላ የበግ ሱፍ ክር ነው። ርዝመቱ አንድ ስንዝር ተኩል ሲሆን ለሁለት ታጥፎ ማጠፊያው አናት ይሆናል። ግራና ቀኙ ይሰፋል። ከታች በታጠበ ሱፍ ተሞልቶ ይዘጋል። አንገቱ ላይ ክር አዙሮ ሳብ ማድረግ ነው፤ ራስ ይወጣል። የላይኛው ሁለት ማዕዘን ጆሮ ነው፤ የታችኛው ሁለት ማዕዘን እግር። ጎፈሩ ያልተፈተለ ሱፍ ነው፣ በመርፌ ዙሪያውን ይያያዛል። ጭራውን ጎንጉኑት።

ባንዲራው ላይ ተጠንቀቁ። አንበሳው የሚሠራው ከእግሩ ወደ ላይ ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ ቀዩ፣ ከዚያ ቢጫው፣ በመጨረሻ አረንጓዴው ይገባል። እኔ ባንዲራ ሲጠራ አረንጓዴ ይቀድማል ብዬ አረንጓዴውን አስቀደምሁ። ሳቆመው ባንዲራው ተዘቅዝቋል።

እማሆይ አይተው ሳቃቸው ሳል ሆነባቸው። "የአርበኛ ልጅ ነኝ ያልሽን አንቺ ነሽ? አባትሽ አምስት ዓመት ያቆመውን በአንድ ሳምንት ገለበጥሽው" አሉኝ።

አፈርሁ። ግን አልፈታሁትም፤ ብዙ ደክሜበታለሁና አለፍሁት።

ሲስተር አንድ ደንብ ሰጥታን ነበር። ብዙዎቻችን ቀን የምንቆጥርበት ወረቀት ስለሌለን፣ መድኃኒት በወሰድሽ ቀን አንድ ረድፍ ሥሪ፣ አንበሳሽ መዝገብሽ ይሆናል አለች። መርፌ ምግብ አይደለምና ረቡዕም ዓርብም ተወጋሁ፤ ስልሳ ረድፍ ሆነ።

መርፌው አልቆ ሳሌ ሲታገሥ በዚያው ግቢ ወዳለ ጎጆ አዛወሩን። ከዚያ ወዲያ መድኃኒቱ ኪኒን ሆነ። የሳምንቱን በአንድ ጊዜ ይሰጡናል። ሲያስረክበኝ መድኃኒት አዳዩ ድሬሰር፣ ጠዋት ጠዋት በወተት ዋጪው አለኝ። ከግቢው ላም ወተት ይታለብልን ነበር።

እዚህ ላይ ጆሮ ስጡኝ፤ ጥፋቴ ያለው እዚህ ነው።

በወተት ተብያለሁ። ረቡዕና ዓርብ ወተት አይጠጣም። እንግዲያው ረቡዕና ዓርብ ኪኒኑም አይዋጥም ብዬ ቆረጥሁ። ማንንም አልጠየቅሁም። ጾም ከልጅነቴ ጀምሮ አንድ ቀን ፈትቼ የማላውቅ ሴት ነኝ፤ ይህ ጥያቄ መሆኑም አልታየኝም። ያልዋጥሁትን ኪኒን አልጣልሁም። በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ አስቀመጥሁት፤ ምናልባት በሽታው በትርንጎ ላይ አድሮ ከሆነ ለሷ ይሆናታል አልሁ። ደስ እያለኝ ነው የምቋጥረው።

ረድፉንም በእነዚያ ቀናት አልሠራሁም። ያልዋጥሁትን ዋጥሁ ብዬ በእጄ አልዋሽም።

ከዚያ ዐቢይ ጾም ገባ። ሁለት ወር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ጾም ነው። ኪኒኑ ሁሉ ወደ ነጠላዬ ጫፍ ገባ። አንበሳው ቆመ። እማሆይ አንበሳቸውን ከእኔው ጎን አቁመው፣ "የእኔ ጎረመሰ፣ ያንቺ ገና ይጠባል። ሰነፍ እናት" ይሉኛል። እሳቸው መነኵሲት ሆነው አንድ ቀን እንኳ ረድፍ አለማቋረጣቸው አልከነከነኝም። ሰው ልቡ ሲደፈን እንዲህ ነው።

በጾሙ አጋማሽ ሳሉ ተመለሰ። ላቡ ተመለሰ። ደብረ ዘይት ባለፈ በሳምንቱ ደም ተፋሁ። ከጎጆው መልሰው ወደ ክፍሉ አስገቡኝ። እማሆይም ደረታቸውን ብርድ መትቷቸው ያን ሰሞን እዚያው ነበሩ። በቀድሞ አልጋዬ ከላይ ጋይንት የመጣች ሙሽራ ተኝታ ነበር፤ ዘግይታ ነው የመጣች። በሦስተኛው ሳምንቷ ዐረፈች። ስድስት ረድፍ ጀምራ ነበር። ሽቦውን ከነሥራው ግድግዳው ላይ ሰኩት። ማንም አልፈታውም።

ሐኪሙ አዲስ ፎቶግራፍ አንሥቶ ራሱን ነቀነቀ። መድኃኒቱ አልሠራላትም፤ አልጋው ለሌላ ያስፈልጋል፤ ወደ ወገኖቿ ትሂድ አለ። በእሱ አልፈርድም፤ የሚያውቀውን ነው የተናገረው። ለባሌ መልእክት ላኩበት።

ባሌ መጣ። አልጋዬ እግር ላይ ተቀመጠ። ስለ ትርንጎ ጠየቅሁት፤ ደኅና ናት፣ እቴቴን እማ ትላታለች አለኝ። ከዚያ ሌላውን ነገር ተናገረ። 

"እቴቴ ለትርንጎ እናት ያስፈልጋታል ትላለች። ከአርብ ገበያ ከተማ በኩል አንዲት ልጅ አስጠይቃለች።"

"እናትማ አላት" አልሁት። "ሂድና ለእቴቴ እንዲህ በላት። አባቴ አምስት ዓመት ዱር የከረመው ተሸንፎ ለመግባት አልነበረም። እኔም ተሸንፌ አልገባም።"

ትንፋሼ ስላጠረ ይህን ለመናገር ሦስት ጊዜ አርፌያለሁ።  ባሌ በማግሥቱ ሊወስደኝ በቅሎውን ሳይጭን ቀረ።

በዚያ ቀን ሲስተር አበበች ሽቦዎቹን ልትወስድ መጣች፤ ወደ ቤቱ የሚሸኝ ሰው ለሌላው ይመልሳል። አንበሳውን ከሽቦው ልታወጣ አነሣችውና ቆም አለች። በጣቷ ረድፉን ከታች ወደ ላይ መቁጠር ጀመረች። ከባንዲራው ካለፈች በኋላ ደግማ ቆጠረች።

"ይህ ዘጠና አይሞላም፤ ከመቶ ማለፍ ነበረበት" አለች። "አንበሳሽ ለምን ቆመ?"

"ጾም ስለ ገባ ነው።"

"ሹራብ መሥራት ጾም ይሽራል እንዴ?"

"አይሽርም። ኪኒን ባልዋጥሁበት ቀን ግን ረድፍ አልሠራም፤ ደንቡ እንዲያ አይደል? ውሸት ይሆንብኛል።"

ሲስተር አልጋው ላይ ቁጭ አለች። ኪኒኖቹ የት እንዳሉ ጠየቀችኝ። ነጠላዬን ጎትቼ ቋጠሮውን ፈታሁላት። አንሶላው ላይ ፈሰሱ። ያን ያህል መሆናቸውን እኔም ያን ጊዜ ነው ያየሁ።

"ለልጄ ያስቀመጥሁት ነው" አልኋት።

"ይህ ለልጅሽ አይሆናትም። ለልጅሽ የምትሆኛት አንቺ ነሽ" አለችኝ። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። "ወተቱ ለጉልበትሽ ነው የተባለው። ኪኒኑ በውሃም ይወርዳል። ምነው አንድ ጊዜ ብትጠይቂኝ?"

እማሆይ ከአልጋቸው ተነሥተው ተቀመጡ። እንደ ወትሮው የሚቀልዱ መስሎኝ ነበር፤ አልቀለዱም። እሳቸው ገና ሲመጡ የነፍስ አባታቸውን አስፈቅደው ነው የገቡ። "እኔ ቆቤን ደፍቼ የዋጥሁትን አንቺ ምን ሆነሽ ተውሽው? ከእኔ ልትበልጪ ነው?" አሉኝ። በሕይወቴ እንዲያ ያፈርሁበት ቀን የለም። ጾሜን ሳይሆን ትዕቢቴን ነው የነገሩኝ።

ሲስተር ኪኒኖቹንም አንበሳውንም ይዛ ሐኪሙ ዘንድ ሄደች። ስትመለስ ሽቦዎቹን አልወሰደችም። እንደገና ከመጀመሪያው ትጀምሪያለሽ፣ ከመርፌው ጀምሮ፣ አሁን ግን መርፌና ኪኒን አብሮ፣ በጠቅላላው ዓመት ከመንፈቅ፤ ትችያለሽ ወይ አለችኝ። እችላለሁ አልሁ። ውሃ ቀዳችልኝ። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነበር፤ በዐቢይ ጾም በዚያ ሰዓት ከአፌ የገባ ነገር አያውቅም። አማትቤ ኪኒኑን ዋጥሁ። 

ከዚያ አንበሳውን አነሣሁና ክሩን ሳብሁት። ከላይ እስከ ታች ፈታሁት። ሰማንያ ምናምን ረድፍ አንድ ጥቅል ክር ሆኖ ጭኔ ላይ ቀረ። ሲስተር ፍቺው አላለችኝም። እኔ ነኝ።

እማሆይ ያን ጊዜ ወደ ቀልዳቸው ተመለሱ። "በይ እንግዲህ፣ በዚያው ባንዲራውን አቅኚው።"

ወተቱን ግን ያለ ነፍስ አባቴ ፈቃድ አልጠጣም አልሁ። ባሌ የሆነውን ሁሉ ቆሞ ሰምቶ ነበር። በቅሎውን ጭኖ ወጣ። አገር ሄዶ ከነፍስ አባቴ ከመምሬ ካሳ ጋር ተነጋግሮ በዘጠነኛው ቀን፣ የሆሣዕና ዋዜማ፣ ተመልሶ መጣ። ልብሱ ጭቃ በጭቃ ነበር። የመምሬን ቃል እንዳይጠፋበት መንገዱን ሁሉ ሲደግመው ነው የመጣ፤ ቆሞ እንደ ተማሪ አሰማኝ።

"መምሬ እንዲህ ብለውሻል፦ ለታመመ ሰው ወተቱም ተፈቅዷል። እኔን ሳትጠይቂ ለራስሽ ሕግ አወጣሽ። ስለዚህ ቀኖና ሰጥቼሻለሁ። ስትድኚ ሳታርፊ አርባ ስግደት ትሰግጃለሽ። ቀኖናው ለምትጠጪው ወተት አይደለም፤ ላልዋጥሽው ኪኒን ነው።"

እማሆይ እልል አሉ። ወተቱን ጠጣሁ። ሲጠጣ እንባ የሚያስመጣ ወተት ያን ቀን አየሁ።

ባሌ ሲሰናበተኝ አንድ ነገር ጨመረልኝ። ለእቴቴ ነግሯታል፤ የአርብ ገበያዋ ልጅ ነገር ቀርቷል። እቴቴ ምን አለች አልሁት። "እስኪ እናያለን አለች" አለኝ። በይ እይ አልሁ በልቤ።

ክረምቱን እዚያው ከረምሁ። መቀመጫዬ ሁለተኛ ደነደነ። ኪኒኑ ማቅለሽለሽ ያመጣብኝ ቀን ነበር፤ ዝናብ ሲወርድ ቤቴ የሚናፍቀኝ ቀን ነበር። በእነዚያም ቀናት ውጬ ረድፌን ሠርቻለሁ። ቀዩን አስቀድሜ፣ ቢጫውን አስከትዬ፣ አረንጓዴውን ከላይ አደረግሁ። የድል በዓል ሲደርስ የእኔ አንበሳ እግር ብቻ ነበር፤ የሌሎቹ ተሰልፈው ወደ ተማሪ ቤት ሲሄዱ ከመስኮት አየሁ። አልቆጨኝም። እማሆይ በሐምሌ ድነው ወደ ወገዳ ተመለሱ፤ እስከ ዛሬ በመንገደኛ ሰላምታ እንለዋወጣለን።

መስከረም ሲጠባ አንበሳው መቶ ሰማንያ ረድፍ ሆነ። አጠፍሁት፣ ሰፋሁት፣ ሞላሁት። አክታዬ ንጹሕ ሆነ፤ ማለት በሽታውን ለሌላ ሰው አላስተላልፍም። የቀረውን ዓመት ኪኒኑን ቤቴ ሆኜ እንድወስድ ሸኙኝ። ሲስተር አንበሳውን አጥባ ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ አሰጥታ ሰጠችኝ። እግሯን ልስም ጎንበስ ስል አነሣችኝ።

ቤቴ ስደርስ ትርንጎ እቴቴ ቀሚስ ውስጥ ተሸሸገች። አላወቀችኝም። አላስገደድኋትም። አንበሳውን ደፉ ላይ አቁሜ ራቅ ብዬ ተቀመጥሁ። ልጅቱ እጇን ስትሰድ እቴቴ ቀደመቻትና በሁለት ጣቷ አነሣችው።

"ይህ ከበሽተኛ ቤት የመጣ ነው፤ እሳት ይግባ" አለች።

ተነሥቼ ከእጇ ወሰድሁት። በአክብሮት ነው የወሰድሁት፤ ግን ወሰድሁት።

"እቴቴ፣ ይስል የነበረው አንበሳው አልነበረም፤ እኔ ነበርሁ። እኔም ትቻለሁ" አልኋት።

አንበሳውን ለልጄ ሰጠሁ። ትርንጎ ለሦስት ቀን እሱን አቅፋ ዞረች፤ እኔን ግን ከሩቅ ነበር የምታየኝ። በአራተኛው ቀን ጭራው ተፈትቶባት፣ "አስተካክይው" ብላ ጭኔ ላይ አኖረችው። እሷም አብራ ተቀመጠች።

የዓመቱን ኪኒን አንድ ቀን ሳላጓድል ዋጥሁ። ረቡዕም ዓርብም፣ ፍልሰታም ዐቢይ ጾምም። የእነዚያ ቀናት ረድፍ ለትርንጎ የብርድ ሹራብ ሆናት። ለሹራቡ የሚሆን ክር ያጣሁ ጊዜ መካነ ኢየሱስ ሱቅ ያላቸው አንድ እስላም ነጋዴ ታሪኬን ሰምተው የተረፈ ቀይ ክር በነጻ ሰጥተውኛል፤ እሳቸውንም በጸሎቴ አልረሳም።

የመጨረሻዋን ኪኒን ከዋጥሁ በኋላ፣ መስቀል ባለፈ በሰኞው፣ ቀኖናዬን ልፈጽም ቤተ ክርስቲያን ሄድሁ። መምሬ ካሳ ቅጥሩ በር ላይ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆሙ። ባሌ መጣ። እቴቴም መጣች፤ የመጣችው ልታይ ነው። ትርንጎ አንበሳዋን ይዛ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

ጀመርሁ።  ሃያ ላይ ላብ ወረደኝ፤ ይህ ግን የሥራ ላብ ነው፣ የበሽታውን አውቀዋለሁ። ሠላሳ ላይ መምሬ፣ "ይበቃሻል፣ ቀሪውን ነገ" አሉኝ። ሳታርፊ ነው ያሉኝ፣ አላርፍም ብዬ ቀጠልሁ። አርባኛውን ሰግጄ ቆምሁ። ሁሉም ደረቴን እያዩ ጠበቁ። ትንፋሼ ገባ፣ ወጣ። አልሳልሁም።

እቴቴ ዞራ ሄደች። በወሩ የማርያም ማኅበር በእሷ ቤት ወጣ። የእኔን ዋንጫ ከመደርደሪያው አውርዳ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ጥቁሩን ክር በጥርሷ በጠሰችውና ጠላ ቀዳችበት። መጀመሪያ ራሷ ጠጣችበት። ከዚያ ሰጠችኝ።

እናቶች፣ ጾማችሁን ጹሙ። እኔም እጾማለሁ። ግን ጠይቁ፤ ሐኪሙን ስለ መድኃኒቱ፣ የነፍስ አባታችሁን ስለ ጾሙ። አንዲት ያልተጠየቀች ጥያቄ ልታስቀብረኝ ነበር።

አንበሳው ዛሬ ጎፈሩ ሳስቷል፤ አንድ ጆሮውን ትርንጎ አኝካዋለች። ከአባቴ ዳዊት አጠገብ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። በዚህ በኩል የምታልፍ፣ የምትስል እናት ካለች ትግባ፤ አውርጄ እሰጣታለሁ። ከእግሩ እስከ አናቱ፣ ከአናቱ በጀርባው እስከ ታች ትቁጠረው። መቶ ሰማንያ ረድፍ ነው። የጎደለ ቀን የለበትም።